ሁለት ሰዓት ብቻ ተሰጥቶኛል፤ መረጃ አፈላለግን ለኮሌጅ ተማሪዎች ከምን ልጀምርላቸው?

ጥያቄ፦ ከማራኪ

ሰላም ለሁላችሁም። ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት እሠራለሁ። በሚቀጥለው ወር ለጤና ተማሪዎች መረጃ አፈላለግ እንዳስተምር ሁለት ሰዓት ተፈቅዶልኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወደ 60 የሚጠጉ ልጆች፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ያውም መብራት ካለ። ከዚያ በኋላ ቀጥታ የመመረቂያ ጥናታቸውን ፕሮፖዛል ወደ መጻፍ ይገባሉ።

እስካሁን ሲሠራበት የቆየው ቤቱን የማስጎብኘት ነገር ነው። ይሄ ሰርኩሌሽን ነው፣ ይሄ ሪዘርቭ ነው፣ ከሪዘርቭ መጽሐፍ አይወጣም፣ ቦርሳ በር ላይ ይቀመጣል፣ መታወቂያ ያልያዘ አይገባም። ልጆቹ በጨዋነት ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ላይብረሪ የሚመጡት ለወንበሩና ለጸጥታው ነው። የራሳቸውን ሃንድአውት ይዘው ይመጣሉ፣ እሱኑ አንብበው ይወጣሉ። አልፈርድባቸውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፉ ዲግሪ የለም፤ ልጁ ጊዜውን ሁሉ ለሃንድአውቱ ቢሰጥ ይገባኛል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ መጣችና “በዚህ ርዕስ የተሠራ ጥናት የለም” አለችኝ። ርዕሷ በጎንደር ከተማ ስድስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ ስለመጥባታቸው ነው። ምን አድርገሽ ፈለግሽ ስላት ሙሉ ርዕሷን፣ ሁለት መስመር ይሆናል፣ እንዳለ ጉግል ላይ ጽፋው ነበር። ቃል በቃል የሚገጥም ስላጣች ፕሮፖዛሏ ላይ “ከዚህ በፊት አልተጠናም” ብላ ጽፋ ጨርሳለች። በዚህ ጉዳይ እኮ በአገራችን የታተመው ተነቦ አያልቅም!

ሌላው ልጅ ደግሞ ያማረ የማጣቀሻ ዝርዝር አመጣልኝ። ጽሑፎቹን አውጪልኝ ነው ያለው። የመጽሔቶቹ ስም ትክክል ነው፣ ቅጽና ገጽ አለው፣ የደራሲዎቹ ስም እንኳ የማውቀው ነው። ጽሑፎቹ ግን የሉም። ቻትጂፒቲ የሰጠው ነው። ሊያታልለኝ ፈልጎ አልነበረም፤ አምኖት ነው። ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

እንግዲህ ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ምን ላስተምር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምኑን ልተው? ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ባስረዳ ይሻላል ወይስ በእንግሊዝኛ? መማራቸውንስ በምን አውቃለሁ? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

መልስ፦ የቸቸላው ጡረተኛ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል። የሥራ ዘመኔን በብዛት ያሳለፍኩት የጤና ተማሪዎች በሚያነቡበት ቤት ነው፤ ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ።

ከሁሉ በፊት ቀኑን አስቀይሪ። “በሚቀጥለው ወር” ሲሉሽ ልጆቹ ርዕስ ይዘዋል ወይስ አልያዙም? ርዕስ ላልያዘ ልጅ ስለ ፐብሜድ፣ ስለ ሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያው ድረ ገጽ፣ ማስተማር ያልራበውን ሰው እንደማጉረስ ነው፤ ላንቺ ሲል ይቀበልሻል እንጂ አይውጠውም። አድቫይዘሩ ርዕሱን ባጸደቀለት ሳምንት ግን ያው ልጅ ደብተር ይዞ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ መምህራቸውን ሄደሽ አነጋግሪ፤ የሰጣቸውን የሥራ መመሪያ ወረቀት ተቀበይና አንብቢው። ምን ያህል ምንጭ እንደሚጠብቅባቸው፣ ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚፈቅድላቸው ሳታውቂ ክፍል አትግቢ። የሚቻል ከሆነ መምህሩም በዕለቱ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥልሽ። እሱ የተቀመጠበትን ትምህርት ተማሪ እንደ ትርፍ ነገር አያየውም።

ወደ ትምህርቱ ስትገቢ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ኮምፒዩተር እንዳትከፍቺ። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ። እንዲያ ያልኩት ስለ መብራቱ አይደለም። ጉግል ላይ ሁለት መስመር ርዕስ የጻፈችው ልጅ የጎደላት የኮምፒዩተር ችሎታ አልነበረም፤ ርዕሷን ቆራርጣ ማየት ነው ያልቻለችው።

ለምሳሌ አንዱ “በመተማ የሰሊጥ እርሻ በሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ዘንድ ስለ ካላ አዛር ያለ ዕውቀት” የሚል ርዕስ ይዟል እንበል። ለእኛ ለጎንደሮች የቅርብ ጉዳይ ነው፤ ከደጋ ለአረም ወርደው የአሸዋ ዝንብ ነክሷቸው ሆዳቸው አብጦ የሚመለሱትን የማያውቅ የለም። ርዕሱ ውስጥ አራት ነገር አለ፦ በሽታው፣ ሰዎቹ፣ ቦታው፣ የሚለካው። ወረቀቱ በአራት ዓምድ ይከፈልና በየዓምዱ ሥር ሌላ ጸሐፊ ያንኑ ነገር ምን ብሎ ሊጠራው እንደሚችል ይጻፍ። በሽታው ካላ አዛር ይባላል፤ ቪሰራል ሌይሽማንያሲስም ይባላል። ሰዎቹን አንዱ ሲዝናል ወርከርስ፣ ሌላው ማይግራንት ሌበረርስ፣ ሌላው ዴይሊ ሌበረርስ ይላቸዋል። የሚለካውን ኖውሌጅ የሚል አለ፣ አዌርነስ የሚል አለ። ቦታው ላይ ደግሞ ጠንቀቅ ነው። የእኛ አካባቢ ጥናቶች ርዕስ ብዙ ጊዜ “ኖርዝዌስት ኢትዮጵያ” ነው የሚለው፤ መተማን ብቻ የጻፈ ልጅ እነዚያን አያገኛቸውም። ጎንደር ራሷ በላቲን ፊደል ስትጻፍ መጨረሻዋን አንዱ በኤ፣ አንዱ በኢ ያደርጋታል። ሁለቱም ይጻፉ።

ከዚያ ማያያዣዎቹ። በአንድ ዓምድ ሥር ያሉትን ስሞች በ“ኦር”፣ ዓምዶቹን እርስ በርሳቸው በ“ኤንድ”። ይህን በቃል ብቻ ብትነግሪያቸው ያምታታቸዋል፤ አስነሺያቸው። “ከአዘዞ የመጣ ወይም መነጽር ያደረገ ይነሳ” በያቸው፤ ብዙ ሰው ይነሳል። “ከአዘዞ የመጣ፣ መነጽርም ያደረገ” ስትይ ምናልባት አንድ ሰው ይቀራል። ኦር እንደሚያሰፋ፣ ኤንድ እንደሚያጠብ ከዚያ በኋላ አይረሱትም። ፐብሜድ ላይ ኤንድ፣ ኦርና ኖት በትልልቁ የላቲን ፊደል መጻፍ እንዳለባቸውም ንገሪያቸው። በትንሹ የጻፈ ልጅ ማያያዣው አይሠራለትም፤ ለምን እንዳልሠራም አያውቅም።

ኮምፒዩተሩን ስትከፍቺ ሦስት ቦታ ይበቃል። ፐብሜድ አንድ። እዚያ ካላ አዛር ብለሽ ስትጽፊ ሜሽ በሚባለው የሕክምና ቃላት መዝገብ በኩል ራሱ ወደ ቪሰራል ሌይሽማንያሲስ ይወስድልሻል፤ ይህን በስክሪኑ አሳዪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ሁለተኛው ሂናሪ ነው፤ በክፍያ የሚነበቡ የጤና መጽሔቶችን ለታዳጊ አገር ተቋማት የሚከፍት ድረ ገጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው፤ አሁን ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥላ ሥር ነው። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ልጆቹ አንድ ጽሑፍ ሲከፍቱ በዶላር ክፈሉ ሲላቸው ያ ጽሑፍ የቀረባቸው ይመስላቸዋል፤ ብዙ ጊዜ በሂናሪ በኩል ይከፈታል። የሚመዘገበው ግን ተቋሙ ነው እንጂ ተማሪው አይደለም። ኮሌጃችሁ ተመዝግቦ የይለፍ ቃሉ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ አጣሪ። ካልተመዘገበ የምትመዘግቢው አንቺ ነሽ። ሦስተኛው ጉግል ስኮላር፣ የጉግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ፤ እሱን የማስተምረው በዋናነት ለአንድ ነገር ነው፣ “ሳይትድ ባይ” ለሚለው መስመር።

ይህችን መስመር አደራ አትዝለያት። ተማሪ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኘ ሥራው ግማሽ አልቋል። ከጽሑፉ መጨረሻ ያለው የማጣቀሻ ዝርዝር ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ “ሳይትድ ባይ” ደግሞ ከዚያ ወዲህ ማን ተቀብሎ እንደሄደበት ያሳየዋል። ብዙ ልጆች የማጣቀሻ ዝርዝር ሌላ ጽሑፍ ማግኛ መሆኑን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። እነሱ የሚያውቁት የሚቀጡበት ገጽ መሆኑን ብቻ ነው።

ስለ ቻትጂፒቲው ስብከት አያስፈልግም፤ ሥራ ስጫቸው። ያ ልጅ ያመጣልሽን ዝርዝር የልጁን ስም አጥፍተሽ አባዢውና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ማጣቀሻ አድዪ። ዲ.ኦ.አይ. የሚባለውን የጽሑፉን መለያ ቁጥር ዲ.ኦ.አይ. ድረ ገጽ ላይ ያስገቡት፤ ወይ አይከፈትም፣ ወይ ሌላ ጽሑፍ ይከፍታል። ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው ይፈልጉት። የመጽሔቱን ድረ ገጽ ከፍተው በተባለው ቅጽ፣ በተባለው ገጽ ላይ ምን እንዳለ ይዩ። በገዛ እጃቸው ያልነበረ ጽሑፍ ሲይዙ ከዚያ በኋላ ሌላ ማስጠንቀቂያ አይፈልጉም።

አሁን የምትተዪው። የማጣቀሻ አጻጻፍ ስልት በዚህ ሁለት ሰዓት ውስጥ እንዳይገባ! ኮማ የት፣ ነጥብ የት ማለት ከጀመርሽ ሰዓቱን ይበላዋል፤ ለዚያ ዞቴሮ የሚባል ማጣቀሻ ሰብሳቢ ሶፍትዌር አለ፣ ሌላ ቀን ይሠራል። ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜም የሰበሰቡት ኮምፒዩተራቸው ላይ ስለሚቆይላቸው ለእኛ አገር ሁኔታ ይስማማል። የቦርሳና የመታወቂያ ደንቡን አንድ ገጽ ላይ አትመሽ በር ላይ ለጥፊው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ሐሳቡን በአማርኛ፣ የፍለጋ ቃሉን በእንግሊዝኛ። ልጁ “ምንድን ነው የምፈልገው” የሚለውን በአፍ መፍቻው ካላብላላው እንግሊዝኛው አያግዘውም።

መማራቸውን ለማወቅ ደግሞ የምርጫ ጥያቄ አታውጪ። ግማሽ ገጽ የፍለጋ ማስታወሻ አስጽፊያቸው፦ የትኞቹን ቃላት ተጠቀምኩ፣ የት ፈለግሁ፣ ምን አገኘሁ፣ የትኛውን ጣልኩ፣ ለምን ጣልኩ። መምህሩ ከፕሮፖዛሉ ጋር ይቀበልልሽ፤ ጥቂትም ብትሆን ነጥብ ይስጥበት። “ለምን ጣልኩ” የምትለው ላይ ነው ልጁ ማሰቡና አለማሰቡ የሚታይሽ።

መልስ፦ አራዳ አንባቢ

የጋሼን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ግን መደርደሪያውን እንዲህ ባትተዉት። እኔ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ንባብ ቤት ነው የምሠራው። ዲግሪ ይዘው መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች በየቀኑ ያጋጥሙኛል። ዴዊ የሚባለው የመጻሕፍት አመዳደብ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ ያለ ነው፤ 614 የኅብረተሰብ ጤና፣ 616 በሽታዎች፣ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ። አንዱን ቁጥር ያወቀ ልጅ ፈልጎት የመጣው መጽሐፍ ቢወጣ እንኳ በግራና በቀኙ ያሉትን ያያል። ስክሪን ላይ ይህ የለም። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት እዚህ ከተማ ሰው ያነበበው ከመደርደሪያ ነው እኮ። ሩብ ሰዓት ብቻ ስጪው፤ ልጆቹን ይዘሽ መደርደሪያው መካከል ግቢ፣ እያንዳንዱ ለርዕሱ የሚቀርበውን አንድ መጽሐፍ ይዞ ይውጣ።

መልስ፦ የታሪክ መምህር

እኔ ከሌላ ትምህርት ክፍል ብሆንም ችግሩ አንድ ነው። በአማርኛ ምንጭ ለሚሠሩ ተማሪዎች ግን ጋሼ ያላነሷቸው ጉዳዮች ስላሉ ልጨምር። እርስዎ የሚያስተምሯቸው የጤና ልጆች ቢሆኑም ነገ የጤና ጥበቃ መመሪያ ወይም የአማርኛ ሪፖርት መፈለጋቸው አይቀርም።

አንደኛው ፊደላችን ነው። “ዐፄ” የሚለውን ቃል የመጀመሪያውን በአልፋው አ ወይም ኣ፣ በዓይኑ ዐ ወይም ዓ፣ ሁለተኛውን በጸሎቱ ጼ ወይም በፀሐዩ ፄ ብንጽፈው ስምንት ዓይነት ይሆናል። ለአንባቢ ስምንቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ስምንት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ካታሎጉን ያስገባው ሰው በአንዱ ጽፎት ተማሪው በሌላው ከፈለገው “የለም” ይለዋል፣ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ! ሥላሴና ስላሴ፣ ኃይለና ሀይለ፣ ሕክምናና ህክምና እንዲሁ። ተማሪዎቼን የአማርኛ ቃል ፈልገው ካጡ ፊደሉን ቀይረው ሳይሞክሩ አጣሁ እንዳይሉኝ አስጠንቅቄያለሁ።

ሁለተኛው ዘመኑ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ላይ 1962 የሚለውን ተማሪው እንግሊዝኛ ጽሑፉ ውስጥ እንዳለ ይገለብጠዋል። አንባቢው በፈረንጅ ዘመን ይወስደውና መጽሐፉ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። ዓድዋ በእኛ 1888 በእነሱ 1896 መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ያንኑ ጥንቃቄ ለማጣቀሻው እንዲያደርግ የሚነግረው ግን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስማችን ነው። የጥንት የግእዝ መጻሕፍትን በካታሎግ ያስቀመጡልን ጌታቸው ኃይሌ ሲጠቀሱ ጌታቸው ተብለው ነው መጠቀስ ያለባቸው፤ ኃይሌ አባታቸው ናቸው። ሶፍትዌሩ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይገለብጠዋል። ዞቴሮ ላይ ስሙን በአንድ ሳጥን ብቻ ማስገባት ይቻላል፤ ያኔ አይገለብጠውም። ተማሪዎች ደራሲን ሲፈልጉም በሁለቱም በኩል ይሞክሩ፣ የውጭ መረጃ ቋቶች ብዙ ጊዜ በአባት ስም ነው የሚያስቀምጡን።

ምንጭ መመርመርን በተመለከተ ጎንደር ላይ ሆነን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ፤ የጉዞ መጽሐፉ የታተመው በ1790 ነው። ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው ጥያቄ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ያየውን ከሃያ ዓመት በኋላ ሲያሳትም የትኛውን ታምኑለታላችሁ፣ የትኛውን በሌላ ምንጭ ታጣራላችሁ? ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያስቀመጧቸው መጻሕፍትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ዘርፈው ከወሰዱት 350 ገደማ የብራና መጽሐፍ የብሪቲሽ ሙዚየም ገባ፤ አሁን በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ካታሎግ ውስጥ ብዙዎቹ ይገኛሉ። የከተማችን ልጅ የከተማውን መጽሐፍ ለማየት የለንደን ካታሎግ ማንበብ መቻል አለበት። ይህን ስነግራቸው ካታሎግ ማንበብ ለምን እንደሚጠቅም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የአገራችን ብራናዎችም አሜሪካ ሚኒሶታ ባለው ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል።

አንድ ነገር ላክል። ክፍሌ ውስጥ ከትርጓሜ ቤት የመጣ ዲያቆን ነበር። ሌሎቹ ምንጭ መጥቀስ ለምን አስፈለገ እያሉ ሲጨቃጨቁ እሱ “እኛ ላይ ቤት እንዲህ ይላል፣ ታች ቤት እንዲህ ይላል ሳንል አንተረጉምም” አላቸው። ላይ ቤትና ታች ቤት ሁለቱ የመጽሐፍ ትርጓሜ ወገኖች ናቸው፤ የታች ቤቱ ትርጓሜ የጎንደሩ የመምህር ኤስድሮስ ነው፤ ማን እንዳለው ለይቶ መናገር በዚህች ከተማ የቆየ ሥርዓት ነው። ከውጭ እንደመጣ ደንብ ከምንጭነው በዚህ በኩል ብንገባ ልጆቹ ቶሎ ይቀበሉታል ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ ዘንድሮ ተመራቂ

ሰላም፣ እኔ ተማሪ ነኝ፣ ሚድዋይፈሪ። ከተማሪው ወገን የሚታየኝን ልናገር።

መጀመሪያ ነገር እኛ የምንፈልገው በስልክ ነው። ላፕቶፕ ያለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሲያስተምሩ በፕሮጀክተር ኮምፒዩተሩን ብቻ ካሳዩን ዶርም ገብተን ስልክ ላይ ስንሞክረው ሌላ ነገር ይሆንብናል፤ ፐብሜድ ስልክ ላይ ማጣሪያዎቹን ደብቆ ነው የሚያስቀምጠው። በስልክም ያሳዩን። ፓኬጅ ስለምንቆጥብ ደግሞ ላይብረሪው ዋይፋይ ባለበት ሰዓት ፒዲኤፍ አውርደን እንድንወጣ ቢመክሩን።

ሁለተኛ፣ ሰው ፊት አንጠይቅም። “ጆርናል ምንድን ነው” ብሎ 60 ሰው ፊት የሚጠይቅ የለም፣ ግን ብዙዎቻችን ጆርናልና መጽሐፍ ልዩነቱን በደንብ አናውቀውም ነበር። እኔን የረዳችኝ ላይብረሪያን አጠገቤ ተቀምጣ የእኔን ርዕስ ይዛ ከእኔ ጋር ስለፈለገች ነው። ርዕሴ ቅድመ ወሊድ ክትትል ነበር። “ኤንቲኔታል ኬር” ብቻ ስል “ፕሪኔታል ኬርስ?” አለችኝ። ያቺ አንዲት ጥያቄ ናት የከፈተችልኝ። ከክፍሉ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን “ርዕሳችሁን ይዛችሁ ኑ” የሚባልበት ሰዓት ቢኖር፣ በተለይ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ እንመጣለን። ከሰዓት በፊት አፓረንት፣ ማለትም የተግባር ልምምድ ላይ ነን፣ ሆስፒታል።

ሦስተኛ፣ እውነቱን ለመናገር ነጥብ ከሌለው አንመጣም። ጋሼ ያሉት የግማሽ ገጽ ማስታወሻ ነጥብ ይኑረው።

ጠያቂዋ፦ ከማራኪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንብቤ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። መምህራቸውን አነጋግሬ ቀኑ ርዕስ ከጸደቀ በኋላ ወዳለው ሳምንት ተዛውሮልኛል፤ እሱም ክፍሉ ውስጥ እቀመጣለሁ ብሏል። ማስታወሻው ከፕሮፖዛሉ ምዘና ላይ 5 ነጥብ ተሰጥቶታል። የሂናሪውን ጠይቄ ኮሌጃችን አለመመዝገቡን ስላረጋገጥኩ ማመልከቻውን ጀምሬያለሁ።

የአራዳ አንባቢን ሩብ ሰዓት እቀበላለሁ። የስም አጻጻፉንና የዘመኑን ጉዳይ በሁለት ሰዓቱ ማስገባት ስለማልችል አንድ ገጽ አድርጌ አድላለሁ፤ መምህር፣ እርስዎ የጻፉትን ፊደል ምሳሌ ብጠቀምበት ፈቃድዎ ይሁን። ዘንድሮ ተመራቂ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ማታ ጠረጴዛ ይዤ ልቀመጥ ወስኛለሁ።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ጋሼ፣ የፐብሜዱ ክፍል ላይ ደርሼ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ምን ላድርግ? 60 ልጅ ዳግመኛ ለመሰብሰብ ዕድል የለኝም።

መልስ፦ የቸቸላው ጡረተኛ

ይጠፋል ብለሽ ተዘጋጂ። ፍለጋውን ቤትሽ ሆነሽ ቀድመሽ ሥሪው፤ እያንዳንዱን ገጽ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ውጤቱ ዝርዝር፣ ፎቶ አንሥተሽ በተራ አትሚው። ለስድስት ሰው አንድ ቅጂ ይበቃል። ውጤቱ ብዙ የሆነበትን አንድ፣ ምንም ያልመጣበትን አንድ፣ ልኩን ያገኘበትን አንድ ይኑርሽ፤ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ምን እንደተቀየረ ራሳቸው ይንገሩሽ። እንዲያውም መብራት ቢኖርም በዚሁ ጀምሪ፤ ገጹ እስኪከፈት መጠበቅ የለውም።

ለማጣቀሻ ክትትሉ ደግሞ ሙሉ ቃላቸው በነጻ የሚገኙ ሰባት ስምንት ጽሑፎች ከፐብሜድ ሴንትራል አውርደሽ የመጨረሻ ገጾቻቸውን ብቻ አትሚ። እያንዳንዱ ቡድን ከዝርዝሩ ለርዕሱ የሚሆኑ ሦስት ይምረጥ፣ የመረጠበትንም ምክንያት ይናገር። ጽሑፎቹን እራሳቸውን በፍላሽ ይዘሽ ግቢ፤ ስልካቸው ላይ በብሉቱዝ ይቀባበሏቸው።

የጸደቁት ርዕሶች እጅሽ ሲገቡ የልጆቹን ስም አጥፍተሽ እዚህ ለጥፊልኝ። የቃል ዓምዶቹን አብረን እንሠራቸዋለን፤ አስቸጋሪዎቹ ላይ ተመራቂውም ይርዳን።